ታንክ ሲመረጥ ጌታም አብሮ ይመረጣል
(በቴሌቪዥን ከስቶክሆልም የቀረበ ሐተታ)



ከስቶክሆልም የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ሲኬድ፣ ስትሬንግኔስ ከተማ አጠገብ፣ አርሰናለን የሚባል የጦር ተሽከርካሪዎች ሙዚየም አለ። እዚያ ከቆሙት ታንኮች አንዱ የእንግሊዙ ሴንቹርየን ነው። የማነሣላችሁ ግን ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ አመራረጡ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስዊድን ታንኮች ጊዜ አልፎባቸው ነበር። ጦሩ ሴንቹርየንን ፈለገ። እንግሊዝ መጀመሪያ የራሷን ጦር ሳታሟላ እንደማትሸጥ አስታወቀች። በ1952 ማብቂያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፈቀደች፤ 80 ታንኮች ተገዙ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1953 ገቡ። ስዊድን ሻጭ እምቢ ሊል እንደሚችል አየች። ስለዚህ ገዝታ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አሮጌ ታንኮቿን አዲስ መድፍ ገጥማ አደሰች፣ ሴንቹርየኖቹን በ105 ሚሊሜትር መድፍ አጠናከረች፣ ጎን ለጎንም በቦፎርስ ኩባንያ የራሷን ኤስ ታንክ አሠራች።

በዚያው በ1953፣ በእኛ ግንቦት 1945 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የጦር ስምምነት ተፈራረመች። አስመራ ያለው የቃኘው ጣቢያ ለአሜሪካ፣ መሣሪያና ሥልጠና ለእኛ። ታንክ አገኘን፤ መለዋወጫውና ጥይቱ ግን ዋሽንግተን ቀረ።

ውጤቱ በ1969 ዓ.ም ታየ። አሜሪካ በሰብዓዊ መብት ረገጣ ምክንያት እርዳታዋን ቀነሰች፤ ደርግ ቃኘውን ዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ወረረን። ወታደሩ በጦርነት መካከል የአሜሪካን ታንክ ትቶ የሶቪየትን መማር ግድ ሆነበት። ጅጅጋ በየካቲት 1970 በደም ተመለሰች፤ ጌታው ግን ተለወጠ እንጂ ነፃ አልወጣንም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አባቶቻችን እውነታቸውን ነው።

"ስዊድን ሀብታም ናት፣ ፋብሪካ አላት፣ እኛን ከእሷ ምን ያገናኘናል?" የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። እኔም ታንክ እንሥራ አልልም። መጠየቅ ግን ገንዘብ አይፈልግም።

ዛሬ ከፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ጦሩ እንደገና ይደራጃል ይባላል። በ2011 (በአውሮፓ አቆጣጠር) 200 ቲ-72 ታንኮች ለመግዛት የተዋዋልነው ከዩክሬን ጋር ነበር፤ ዩክሬን ዛሬ ለራሷም ታንክ ትለምናለች። ስለዚህ ቀጣዩ ግዢ ሲመጣ የሕዝብ እንደራሴዎች ይጠይቁ፦ ማን ይጠግነዋል? ሻጩ ቢያኮርፍ ስንት ወር ይሠራል? ከሁሉም በላይ፣ አፈሙዙ ወደ ድንበር ነው ወይስ ወደ ወገን? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳይመልስ የሚገዛ መንግሥት፣ የቱንም ታንክ ቢመርጥ፣ አገር አልጠበቀም።