የላንቴ ሙዝና የደከመ ባሌስትራ

አቅራቢ 1፦ ከላንቴ ሙዝ ጭኖ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ኋላው ቁጭ ብሎ አፍንጫው ሰማይ ያያል።

አቅራቢ 2፦ አይቻለሁ። ሹፌሩም «አንድ ቅጠል ባሌስትራ ልጨምርበት» ይላል።

አቅራቢ 1፦ ምን ክፋት አለው? ሙዙ ገበያ መድረስ አለበት።

አቅራቢ 2፦ መኪናው ከፍ ይላል እንጂ ፍሬኑ፣ ጎማውና ሻንሲው አብረው አይጠነክሩም። ባዶውን ሲሆን ደግሞ ይዘላል።

አቅራቢ 1፦ እሺ፣ አሞርዛተሩን ይቀይራ!

አቅራቢ 2፦ ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ አሞርዛተር የሚገታው መወዛወዙን ነው። አዲስ አሞርዛተር የተጎነበሰ መኪና አያቀናም።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ከየት ይጀምር?

አቅራቢ 2፦ ከመለካት። ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ የጎማው ንፋስ እኩል ሆኖ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ግራና ቀኙን ያስተያይ። አንዱ ጎን ከወረደ ቅጠሉ ደክሞ ወይም ተሰንጥቆ ይሆናል። አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር። ጉድጓድ ላይ የሚያንኳኳው ብዙ ጊዜ ያለቀ ጎሚኒ ነው፤ እሱ በርካሽ ይፈታል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ለጥገና ከተፈቱ፣ መልሰው ታስረው ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና ይጥበቁ።

አቅራቢ 1፦ ሙዙስ?

አቅራቢ 2፦ ቀንሶ ሁለቴ ይመላለስ።

አቅራቢ 1፦ ነዳጁን አንቺ ልትከፍዪለት ነው?

አቅራቢ 2፦ ነዳጁን ስታሰላ፣ መንገድ ላይ የተሰበረ ባሌስትራና ፀሐይ ላይ የሚበላሽ ሙዝም ሂሳቡ ውስጥ ይግባ!