ለኤሌክትሪክ ፒክአፕ የትኛው ጎማ ይሻላል?



በኤሌክትሪክ የምትሠራ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ጥርሳሙን የኮረኮንች ጎማ ያስገጥም ወይስ የአስፋልቱን? ባለ አራት ሞተሯ የ2023 እ.ኤ.አ. ሪቪያን፣ በአሜሪካ መንግሥት ልኬት፣ በአስፋልት ጎማ 328 ማይል፣ በጥርሳሙ ግን 289 ማይል ትሄዳለች። ልዩነቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው! ምክንያቱም ወፍራሙ ጥርስ በተንከባለለ ቁጥር እየታጠፈና እየተቃና የባትሪውን ኃይል በከንቱ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጩኸቱማ አይጣል ነው።

የቤንዚን መኪና ቢሆን ጀሪካን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ ግን በጀሪካን አይቀዳም። ስለዚህ ኑሮው ከተማ ለሆነ ሰው የአስፋልቱ ይበቃዋል ባይ ነኝ። በክረምት ጭቃ ከገጠር ሕመምተኛ የሚያወጣ ግን ጥርሳሙን ይግጠም፤ የሚቀርበትንም ርቀት ከመነሣቱ በፊት ቀንሶ ያስላ።