ይግባኝ ያልታየበት የሞት ፍርድ እንዳይኖር
በአምስተርዳም ስሎተርቫርት ለመብት ተሟጋቾችና ለሕግ አውጪዎች ረዳቶች የቀረበ ንግግር



ይህ ጉባኤ የተሰበሰበበት ስሎተርቫርት በኔዘርላንድስ የፍርድ ታሪክ ስሙ የሚነሳ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2004 የፊልም ባለሙያውን ቴዎ ቫን ጎኽን በአምስተርዳም ጎዳና ላይ የገደለው ሞሐመድ ቡየሪ የዚህ አካባቢ ልጅ ነበር። በጁላይ 2005 የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድበት ይግባኝ አልጠየቀም፤ ፍርዱም በዚያው ጸና። ይሁን እንጂ ዝምታው ሕይወቱን አላስከፈለውም። ኔዘርላንድስ በሰላም ጊዜ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች የሞት ቅጣትን ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1870 ነውና።

የሞት ቅጣት ባለበት አገር ግን ያው ዝምታ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። የዛሬው ጥያቄም ይኸው ነው፤ በኢትዮጵያ በግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ሞት የተፈረደበት ሰው ይግባኙ በእርግጥ ይታይለታልን?

በሕጉ ላይ መልሱ አዎንታዊ ይመስላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው የይግባኝ መብት ይሰጣል፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ለከባድ የሰው ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 117 ደግሞ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው በቀር የሞት ቅጣት እንዳይፈጸም ይከለክላል። ቅጣቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። የጄኔራል ሐየሎም አርአያ ገዳይ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የደኅንነት ኃላፊው የክንፈ ገብረመድኅን ገዳይ ደግሞ በ2007 የሞት ቅጣት ተፈጽሞባቸዋል።

ክፍተቱ የሚታየው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. ወጥቶ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን እንዲያስታውቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያስገባ ይጠይቃል። ጉዳዩን የማንቀሳቀስ ሸክም በፍርደኛው ትከሻ ላይ ነው። ማንበብ የማይችል፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ወይም ጠበቃው የመጀመሪያው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ የተለየው እስረኛ ቀኑ ቢያልፍበት የሚያጣው ሕይወቱን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ባጸደቀው የጥበቃ መርሕ፣ በሞት ፍርድ ላይ የሚቀርብ ይግባኝ አስገዳጅ እንዲሆን እርምጃ መወሰድ እንዳለበት ያሳሰበው ይህን አደጋ በማሰብ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት ይግባኝ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወስድ መንገድ መሆኑ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2007 በመንግሥቱ ኃይለማርያምና በሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሜይ 2008 ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ሞት ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈረደው በመጨረሻው የይግባኝ እርከን ስለነበር ቅጣቱን በመደበኛ ይግባኝ የሚያይ ሌላ ፍርድ ቤት አልነበረም። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን እንጂ የማስረጃ ምዘናን አይደለም። በጁን 2011 የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠው በርእሰ ብሔሩ ውሳኔ እንጂ በዳኞች ብይን አልነበረም።

እዚህ ላይ የተጎጂ ቤተሰቦች የሚያነሱት ጥያቄ ሚዛን ያለው ነው፤ «የእኛ ልጆች ይግባኝ ነበራቸውን?» ይላሉ። አልነበራቸውም። ለዚህ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሰጠው የሄግ ችሎት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረውና በኢትዮጵያ በሌለበት ሞት የተፈረደበት እሸቱ ዓለሙ የኔዘርላንድስ ዜጋ ሆኖ ይኖር ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2017 በጦር ወንጀል፣ ከእነዚህም መካከል በ1978 በተፈጸመው የ75 ወጣት እስረኞች ግድያ፣ ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ተከሳሹ ይግባኝ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ጉዳዩን መርምሮ በጁን 8 ቀን 2022 ቅጣቱን አጸናው። አራት ዓመት ተኩል ፈጀ። ነገር ግን ይግባኙ ወንጀሉን አላቃለለም፤ የሟቾችን ሞት በሁለት ችሎት እንዲረጋገጥ አደረገ እንጂ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል ለተበዳይም ለተከሳሽም እኩል ይሠራል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ጥያቄዎች ለሕግ አውጪዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፦ የሞት ፍርድ የተላለፈበት መዝገብ ሁሉ፣ ፍርደኛው ጠየቀም አልጠየቀም፣ በሕግ ኃይል ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይቅረብ፤ በመንግሥት የሚቆመው ጠበቃም እስከ ሰበርና እስከ ይቅርታ ጥያቄ ድረስ ከፍርደኛው አይለይ።

ሁለተኛ፦ በሥር ፍርድ ቤት ያልተፈረደ ሞት በይግባኝ ችሎት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳይፈረድ ይከልከል።

ሦስተኛ፦ ከ2007 ወዲህ የቆየው ልማድ በሕግ ይጽና፤ የሞት ቅጣት አፈጻጸም በይፋ ይታገድ፤ በመጠባበቅ ላይ ያሉ ፍርዶችም አንድ በአንድ ይመርመሩ።

የኔዘርላንድስ የፓርላማ ረዳቶችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአገሪቱ ሕግ የሞት ቅጣት ወደሚያሰጋበት አገር ያለ ዋስትና ሰውን አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። ይህ ጥንቃቄ በአምስተርዳም ለሚኖረው ብቻ ሊሆን አይገባም። ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ፍትሕ ትብብር በሚደረግ ውይይት ሁሉ አስገዳጅ ይግባኝ በአጀንዳነት ሊያዝ ይገባዋል።

ሰው የፈረደውን ሰው ሊያርመው ይችላል፤ ፍርደኛው በሕይወት እስካለ ድረስ።