ሻጋታው በጠርሙስ ውስጥ ለምን መልኩን ይለውጣል?
(በሳይንስ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በላቦራቶሪ ስለ ደረሰብን ውድቀት ነው። አስፐርጊለስ ኒጀር የተባለውን ጥቁር ሻጋታ በስኳር ውሃ ውስጥ አብቅለን ሲትሪክ አሲድ ልናወጣ አስበን ነበር። በሁለት ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ዘርና አንድ ዓይነት ስኳር ጨምረን በአንድ መወዝወዣ ላይ አኖርናቸው። በአራተኛው ቀን ግን አንደኛው እንደ ገንፎ ወፍሮ፤ ሁለተኛው ምስር በሚያካክሉ ድቡልቡል ኳሶች ተሞልቶ አገኘነው። አሲዱም በሁለቱም ጥቂት ነበር። ጓደኞቻችን «ሌላ ሻጋታ ገብቶበታል» ብለው ተከራከሩን።

ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሻጋታ በእንጀራ ላይ ሲወጣ እንደ ጥጥ ይዘረጋል፤ በፈሳሽ ውስጥ ግን ክሩ ወይ ይበተናል፤ ወይ እርስ በርሱ ተጠቅልሎ ይድቦለቦላል። የሁለቱም ችግር አየር ነው። ገንፎው ሲወፍር ኦክሲጅንን ለሁሉ ማዳረስ ያስቸግራል። ኳሱም ሲተልቅ ኦክሲጅኑ የሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ እጅ ያህል ገብቶ ያልቃል፤ መካከሉ እየታፈነ ይሞታል። የፋይዘር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 በብሩክሊን ፔኒሲሊንን በትላልቅ ጋኖች ማምረት ከጀመረ ወዲህም መሐንዲሶች የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

ታዲያ መልኩን የሚወስነው ምንድን ነው? አስቀድሞ የዘሩ ብዛት ነው። ዘሩ ሲያንስ ጥቂት ትልልቅ ኳሶች ይወጣሉ፤ ሲበዛ ኳሶቹ ያንሳሉ፤ እጅግ ሲበዛ ገንፎ ይሆናል። ማማሰያውን ማበርታት ኳሱን ይልጠዋል፤ ነገር ግን ክሩንም ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀርመን አገር የወጣ ጥናት ደግሞ ከ50 ማይክሮሜትር በታች የደቀቀ የታልክ ዱቄት (አዎን፤ ለሕፃናት ገላ ይነሰነስ የነበረው ዓይነት!) ቢጨመር ኳሱ እንደሚያንስ አሳይቷል።

ለሲትሪክ አሲድ የሚፈለገው ትንንሽ ኳስ ነው፤ እዚህ ላይ ጠላቱ ማንጋኒዝ ነው። በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም እንኳ ቢገኝ ክሩ ይረዝማል፤ አሲዱም ይቀንሳል። እኛ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ነበር የጨመርነው!

ደብተራችንን ብንገልጥ ስለ ዘሩ የተጻፈው «ጥቂት ዘር» የሚል ብቻ ነው። የማን ጥቂት? አንዳችን በማንኪያ ሞልቶ፤ ሌላችን የቀረውን አራግፎ ኖሯል። በዚህ ሦስት ሳምንት ጠፋብን።

ባለፈው ሰኞ በተጣራ ውሃ እንደገና ጀምረናል፤ ዘሩንም በማይክሮስኮፕ ቆጥረን በአንዱ ጠርሙስ በሚሊሊትር 100,000፤ በሌላው 10,000,000 አድርገናል። ጠርሙሶቹን ዐርብ ከሰዓት በኋላ እንከፍታለን፤ «ሌላ ሻጋታ ነው» ያላችሁን ሁሉ መጥታችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን።