ሳይታመሙ መክፈል
(በደጀን ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)



ለእድር የማይከፍል ባለትዳር በከተማችን ማግኘት ያስቸግራል። ለቀብርና ለሐዘን በየወሩ እናዋጣለን። ለጤና መድን በዓመት አንድ ጊዜ ክፈሉ ስንባል ግን «ማን ታመመና?» እንላለን። አሠራሩ እኮ ያው የእድር ነው፤ ብዙዎች ያዋጣሉ፣ የታመመው ይታከምበታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ከክልላችን ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። የታሰበው ደመወዝ ለሌለው ነው፤ ለገበሬው፣ ለጉልት ነጋዴዋ፣ ለአናጢው። ደመወዝተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የራሱ መድን ይኖረዋል ተባለ፤ አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላም መዋጮው አልተጀመረም ነበር። መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው በዚህ መካከል ከሁለቱም ውጭ ሆነው ቆዩ። ከብቸና ወይም ከሞጣ ለሥራ መጥቶ ቤት የተከራየውም በቀበሌው ካልተመዘገበ ሊቀር ይችላል።

ካርድ ይዘው የሚተዉም አሉ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ ከውጭ ግዙ ይባላሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ችግሩ ባሰ። መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒቱንም ከኪሱ የገዛ ሰው በዓመቱ ካርዱን ባያሳድስ አልፈርድበትም። ሆኖም ወደ ደብረ ማርቆስ ሪፈር የተባለ ቀን፣ ለቀዶ ሕክምናና ለአልጋ የሚጠየቀው ከዓመት መዋጮ ጋር አይወዳደርም። ከጤና ጣቢያ ሳይጀምር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ሙሉ ሽፋን እንደማያገኝም አትርሱ።

ካርዱ የቤተሰብ ነው። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይታቀፋሉ። አባወራው ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ካዋለው ሚስትም ልጆችም አብረው ይቀራሉ። ስለዚህ የምዝገባው ወር ሳይደርስ፣ ስንት ልጅ እንውለድ እንደምትባባሉት ሁሉ፣ ይህንንም ማታ በቤታችሁ ተመካከሩበት።

ካርድ የለንም ብላችሁ ግን ነፍሰ ጡርን ከቤት አታስቀሩ። የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። መክፈል ለማይችሉ ድሆችም በቀበሌ ተለይተው መዋጮውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። አቅም ያጣች ጎረቤት ካለቻችሁ ስሟ መግባቱን ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁላት።