ሳይቃጠል በቅጠል፦ በትንሽ ቀዳዳ ስለሚሠራው ቀዶ ሕክምና

(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ በመረዳጃ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



የመረዳጃ ክፍሉ ይናገር ሲባል የገቢና የወጪ ሒሳብ የምናነብ መስሎአችሁ ይሆናል። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ስሕተታችንና ከእርሱ ስለ ተማርነው ነገር ነው። እንደምታውቁን ሐኪሞች አይደለንም። ሦስታችንም ኢስሊ ውስጥ ባለ ሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ የምንነግራችሁ በዓይናችን ያየነውን፣ ሐኪሞችን ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እህታችን ታመመች። በፋሲካ ማግስት ከቀኝ ጎድኗ ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻዋ የሚወጣ ሕመም ያዛት። እንደ ልማዳችን «ጨጓራ ነው» ተባለ። ተልባ ተጠጣ፤ የጨጓራ መድኃኒት ተገዛ፤ ወራት አለፉ። በመጨረሻ በአልትራሳውንድ ስትታይ የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ሞልቶበታል። ሐኪሙ ሁለት መንገድ ነገራት። አንደኛው ከጎድን ሥር ሆድን በሰፊው ከፍቶ ከረጢቱን ማውጣት ነው። ሁለተኛው በአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ ማውጣት ነው። የሁለተኛው ዋጋ ከፍ ይላል። ገንዘቡን በኤምፔሳ የምንሰበስበው እኛ ነበርንና እኛን አማከረችን። እኛም ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አይተን፣ «የሚወጣው ያው ከረጢት ነው፤ ርካሹ ይሁን» አልናት።

ሥራው ያለ ችግር ተፈጸመ፤ ሐኪሙን አንወቅስም። ነገር ግን 5 ቀን ሆስፒታል ተኛች። ቤቷ ከገባችም በኋላ «ከባድ ነገር አታንሺ» ስለ ተባለች ምጣዷ 6 ሳምንት ሳይጣድ ቀረ። ደንበኞቿ ወደ ሌላ ሄዱ። የ2 ወር የቤት ኪራይዋን ከማኅበሩ ሣጥን ከፈልን። ሁሉን ስንደምረው ርካሽ ያልነው ከውዱ በልጦ ተገኘ። የሚያሳፍረን በሒሳብ የምንኖር ሰዎች ሆነን መሳሳታችን ነው። የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ቆጠርን እንጂ የመዳኛውን ጊዜ አልቆጠርንም።

በሚቀጥለው ዓመት ሹፌር የሆነ ወንድማችን ያው በሽታ ያዘው። እርሱ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ተሠራለት፤ በማግስቱ ቤቱ ገባ፤ በሁለተኛው ሳምንት መሪውን ጨበጠ። ልዩነቱን ባየን ጊዜ ሐኪሙን «ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለን ጠየቅነው።

ሥራው ላፓሮስኮፒ ይባላል። በሽተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ በእምብርቱ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈትና ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ይህ ጋዝ የተመረጠው እሳት ስለማይዝ፣ ደምም ቶሎ ወስዶት በትንፋሽ ስለሚወጣ ነው። ሆዱ እንደ ድንኳን ከፍ ሲል የሥራ ቦታ ይገኛል። ከዚያ ብርሃንና ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ ይገባል። በቀሩት ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ የሚያየው ስክሪኑን ነው። ወንድማችን ሁለት ቀን ትከሻዬን አመመኝ ብሎ አስደንግጦን ነበር፤ ለካስ ጋዙ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ሥጋ ሲያስቆጣ ሕመሙ በትከሻ ይሰማል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ጌዎርግ ኬሊንግ የውሻን ሆድ በአየር ነፍቶ በመመልከቻ ዘንግ አየ። በ1910 ስዊድናዊው ያኮቤዩስ በሰው ላይ መሥራቱን ጽፎ አሳወቀ። በ1959 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሰው ሃሮልድ ሆፕኪንስ በዘንጉ ውስጥ ረጃጅም የመስተዋት በትሮችን የሚደረድር አሠራር አወጣ፤ ምስሉም ብሩህ ሆነ። በ1980 ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም ትርፍ አንጀትን በዚህ መንገድ ሲያወጣ ከባልደረቦቹ ብዙ ተቃውሞ ደረሰበት። በመስከረም 12 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ሙኸ የተባለው ሌላ ጀርመናዊ የሐሞት ከረጢት አወጣ፤ እርሱንም ሰዎቹ አላመኑትም። በ1987 ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሙሬ በሊዮን ከተማ በቪዲዮ እየታየ ሠራው። ከዚያ በኋላ ነገሩ በጥቂት ዓመታት ዓለምን አዳረሰ። ቀድሞ ሐኪሙ ብቻውን አንድ ዓይኑን በዘንጉ ላይ አድርጎ ያይ ነበር፤ ስክሪን ሲመጣ ግን ረዳቱም ነርሷም እኩል ማየት ቻሉ። አብረው ሲያዩ አብረው መሥራት ተቻለ።

ዛሬ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል። በሰከንድ 55,000 ጊዜ ያህል እየተንቀጠቀጠ ሥጋ የሚቆርጥና ደሙን አብሮ የሚያቆም መቀስ አለ። ተራው ስክሪን ጥልቀትን አያሳይም፤ አንድ ዓይንን ጨፍኖ መርፌ ውስጥ ክር እንደ ማስገባት ነው። ለዚህም ጥልቀትን የሚያሳይ ባለ ሦስት ገጽታ ምስል መጥቷል። አረንጓዴ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ ጉበት ወደ ሐሞት ሲያሳልፈው፣ የሐሞት ቧንቧው በልዩ ካሜራ እያበራ የሚታይበት ዘዴም አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ዋናውን የሐሞት ቧንቧ በስሕተት መቁረጥ ነው። ስቲቨን ስትራስበርግና ባልደረቦቹ በ1995 ባስተዋወቁት ደንብ መሠረት ሐኪሙ ምንም ነገር ከመቁረጡ በፊት አካባቢውን አጽድቶ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸውን አይቶ ማረጋገጥ አለበት። ይህን የሚያደርገው መሣሪያው ሳይሆን የሰውየው ጥንቃቄ ነው።

እኛን ባለ ሱቆቹን ይበልጥ የገረመን ግን የሐኪሙ ድካም ነው። ከላይ የተሰቀለ ዕቃ በረጅም እንጨት የምናወርድ ሁሉ እንደምናውቀው፣ በእንጨት ጫፍ የተያዘ ነገር እጅ እንደያዘው አይሆንም። በላፓሮስኮፒ ደግሞ መሣሪያው በቀዳዳው ላይ እንደ ሚዛን ስለሚዞር፣ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ሐኪሙ አንገቱን አቅንቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ለሰዓታት ይቆማል። ብዙዎቹ የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመም አለባቸው። የመሣሪያው ቀለበት አውራ ጣታቸውን ተጭኖ የሚያደነዝዛቸው አሉ። እጀታው በአንድ ልክ ስለሚሠራ እጃቸው ትንሽ ለሆኑት፣ በተለይ ለሴቶች ሐኪሞች፣ ይከብዳል።

ባንኮኒያችን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ማታ ወገባችን የሚነግረንን እናውቃለን። የሐኪሙም መፍትሔ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስክሪኑ በጎን ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከዓይን ትይዩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የመሣሪያው እጀታ በክርን ልክ እንዲሆን አልጋው ዝቅ ይደረጋል። በመሐል አጭር ዕረፍት ይወሰዳል። በአሜሪካ መንግሥት በ2000 የተፈቀደው ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦትም አንዱ ጥቅሙ ሐኪሙ ተቀምጦ መሥራት መቻሉ ነው፤ ዋጋው ግን እጅግ ከፍተኛ ነው። አልጋን ዝቅ ማድረግና ስክሪንን ማዞር ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እጁ የደከመ ሰው የሚሠራው ሥራ የእኛው ሥጋ ላይ ነውና የሐኪሙ አቋቋም የበሽተኛውም ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ቅባት ከበላን በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር የሚመላለስ ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም፤ እንታይ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። ይሁንና ጠጠር የተገኘበት ሁሉ ይቀደዳል ማለት አይደለም፤ ሕመም የማይሰማቸው ብዙዎች ሳይነኩ ይኖራሉ።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙን ለመጠየቅ አንፈር። «ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? በቀዳዳው ባይሳካ ከፍተው ለመጨረስ ዝግጁ ነዎት?» ማለት ድፍረት አይደለም። በመሐል ወደ ትልቁ መክፈቻ መዞርም ውድቀት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የጥሩ ሐኪም ምልክት ነው።

ሦስተኛው ለራሳችን ለማኅበሩ ነው። ከሣጥናችን ለታመመ ሰው የምናወጣውን ስናሰላ የመኝታውን ቀን፣ ከሥራ የሚቀርበትን ሳምንትና ኪራዩን አብረን እንደምር። ለአልትራሳውንድ የሚሆን አነስተኛ ገንዘብም ስብሰባ ሳይጠበቅ የሚሰጥበት ደንብ እንዲወጣ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው።

ያቺ እህታችን ታሪኳን እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ምጣዷ ዳግም ከተጣደ ቆይቷል፤ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የበላነውን እንጀራ የጋገረችው እርሷ ናት። ይቅርታ በቤቷ ጠይቀናት ነበር፤ ምክሩን የሰጠናት በማኅበሩ ስም ነበርና ዛሬ በማኅበሩ ፊት ደግመን እንጠይቃታለን።

ለ50ኛው ዓመት በጤና ያድርሰን።