ሕግ እስከ ማዕድ ድረስ ይገባልን?



ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን መንግሥት ሊወስንለት ይገባልን? ከፊሉ ሰው፣ «ሆዴ የኔ ነው፤ ሹም ምን አገባው?» ይላል። ከፊሉም፣ «ሰክሮ የወደቀውን የሚያነሣው ጎረቤት፣ ታሞ የተኛውን የሚያክመው የመንግሥት ሐኪም ነውና ሹም እንዴት አያገባውም?» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም እውነት ስላላቸው ነው።

በቅድሚያ የቡናን ነገር ማስታወስ ይበጃል። እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ ብዙው የኢትዮጵያ ክርስቲያን ቡና አይጠጣም ነበር፤ የጠጣም ይነቀፍ ነበር። ዛሬ ያው ቡና የማኅበርተኛና የጎረቤት መሰብሰቢያ ነው። የአንድን ዘመን ነቀፌታ አዋጅ አድርጎ የሚያጸና ሹም በልጅ ልጆቹ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ነቀፌታና ጉዳት ተለይተው መታየት አለባቸው።

ጉዳቱ እርግጥ በሆነበትም ጊዜ ቢሆን ፍጹም ክልከላ የታሰበውን ላያመጣ ይችላል። ለዚህ የጎረቤት አገር የኬንያ ታሪክ ምስክር ነው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1980 «ቻንጋኣ» የተባለውን የቤት አረቄ የሚከለክል ሕግ ወጣ። አረቄው ግን አልጠፋም፤ ወደ ጓዳና ወደ ወንዝ ዳር ሸሸ እንጂ። ተደብቆ የሚወጣ አረቄ መርማሪ ስለሌለው፣ ሜታኖል የተባለው መርዝ በተቀላቀለበት ጊዜ ጠጪው ዓይኑን ወይም ነፍሱን አጣ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሌላ ሕግ ክልከላውን ሽሮ አረቄው በፈቃድ እንዲሸጥ አደረገ፤ መሸጫውም ከትምህርት ቤት 300 ሜትር እንዲርቅ አዘዘ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 መርዝ የገባበት መጠጥ እንደገና ብዙ ሰው ፈጀ። ፈቃድ መስጠት ቀላል ነው፤ በየገበያው ዞሮ የሚመረምር ሠራተኛ ማቆም ግን ገንዘብም ትጋትም ይጠይቃል።

ሹም በሻጩና በሠሪው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ግን ነገሩ ይለያል። በኢትዮጵያ ደንብ ቁጥር 204/2003 ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት አዟል። ማንም ጨው ብላ ወይም አትብላ አልተባለም፤ የታዘዘው ነጋዴው ነው። የአዮዲን እጥረት እንቅርትን ከማምጣቱም በላይ በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ያደክማልና፣ በክፍል ውስጥ የሚደነዝዘው ልጅ ሁሉ ሰነፍ እንዳልሆነ መምህር ሊያውቀው የሚገባ ነው። (አለንጋ ያነሡ የቀድሞ መምህራን ይህን አላወቁም ነበር።)

ልጅንም በተመለከተ ክርክሩ ያጥራል፤ ገና ያልበሰለን ሰው «ምርጫህ ነው» ማለት ለነጋዴ መተው ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ዑጋንዳም በ2019 በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት የሚሸጠውን አረቄ የከለከሉት፣ ዋጋው ርካሽ፣ መጠኑም በተማሪ ኪስ የሚደበቅ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም የአልኮል መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ፣ ማስታወቂያውም በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል። ለአዋቂ ሰው ግን የሚገባው እውነቱን ነግሮ መተው ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉሮሮው የራሱ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ይቀራል። ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ቁጥጥር ሲመጣም ቀድሞ የሚደርሰው ፋብሪካው ጋ ሳይሆን እነርሱ ደጅ ነው። ሕግ አውጪው ለእነዚህ እናቶች ንጹሕ አሠራር የሚያስተምር ሰውና በአቅማቸው የሚከፍሉት ፈቃድ ሳያዘጋጅ ጋናቸውን ቢያሰብር፣ በማግሥቱ አንድ ተማሪ ከክፍል ይቀራል፤ ለምን እንደቀረም ለመምህሩ አይናገርም።